እንዶድ፥ ኮሶና የልክ ነገር

የፋብሪካ ሣሙና በየገበያው እንደ ልብ መሸጥ ሳይጀምር፥ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚኖር ሰው ነጭ ልብሱን የሚያጥበው በእንዶድ ነበር። ሥጋ በጥሬው መብላት ያመጣበትን የሆድ ትል ደግሞ የሚያስወጣው በኮሶ ነበር። አንደኛው በወንዝ ዳር ለንጽሕና፥ ሁለተኛው በጓዳ ለፈውስ እያገለገሉ ሁለቱ ዕፀዋት ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ ግን ከአንድ የጀርመን ፋብሪካ የወጣ፥ ወደ ቢጫ የሚያደላ አንድ ዱቄት ሁለቱንም በየሥራቸው ገጠማቸው። የዚህ ግጥሚያ ታሪክ የዕፀዋት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ስለ ልክም የሚናገር ነው። አንድ ሰው በልማድ የሚያውቀው ነገር ሌላው ሊደግመውና ሊያምነው የሚችል ዕውቀት እስኪሆን ድረስ ምን ያህል መንገድ እንደሚሄድ፥ በመንገዱም ላይ ምን እንደሚያጋጥመው ከነዚህ ሁለት ዕፀዋት የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ለአንባቢ ግር እንዳይል፥ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንዶድ በአጥርና በገደል አፋፍ ሌላውን ዛፍ ተደግፎ የሚወጣ ቁጥቋጦ ነው። ትግርኛ ተናጋሪዎች ሽብጢ፥ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች አንዶዴ ይሉታል፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ደግሞ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ብለው መዝግበውታል። ፍሬው ቀልቶ ከመብሰሉ በፊት ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀምና በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በሙቀጫ ተወቅጦ በውኃ ይዘፈዘፋል። አረፋው ሲነሣ ልብሱ በድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይነከርና በእግር ይረገጣል። ጥምቀት ወይም ፋሲካ በተቃረበ ቁጥር በየወንዙ ዳር የታጠበው ኩታና ነጠላ በሣሩ ላይ ተሰጥቶ መስኩን ነጭ በነጭ ያደርገው ነበር።

እንዶድ ሣሙና ሳይሆን የሣሙናን ሥራ የሚሠራው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር በውስጡ ስላለው ነው፤ ስሙም የመጣው ሣሙና ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ነው። ሣሙና የሚገኘው ቅባትን ከኃይለኛ አልካሊ ጋር በማፍላት ነው። እንዶድ ግን አልካሊም ቅባትም እሳትም ሳያስፈልገው ይህን የማጽዳት ጠባይ በፍሬው ውስጥ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። የሳፖኒን ሞለኪውል ሁለት ጫፍ አለው፤ አንደኛው ጫፍ ቅባትን ይወዳል፥ ሁለተኛው ጫፍ ከስኳር ሰንሰለት የተሠራ ስለ ሆነ ውኃን ይወዳል። ቅባት ወዳዱ ጫፍ እድፉን ጨብጦ ሲይዝ፥ ውኃ ወዳዱ ጫፍ ወደ ወንዙ ይጎትተዋል፤ በዚህ ጉተታ እድፉ ከድርና ከማጉ ተላቅቆ ይሄዳል።

ይህ ጠባይ በልብስ ላይ ሲሆን ንጽሕና ይባላል፤ ሕይወት ባለው ገላ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ስም አለው። የእንስሳት ሴል ሽፋን ቅባትነት ያለው በመሆኑ ሳፖኒን እዚያ ውስጥ ከሚገኘው ኮሌስቴሮል ጋር ይጣበቅና ሽፋኑን ይበሳዋል። የደም ቀይ ሴሎች በእንዶድ ውኃ ውስጥ ቢጨመሩ ፈንድተው ይፈስሳሉ። ዓሦችና ቀንድ አውጣዎችም እንዶድ የበዛበትን ውኃ አይችሉትም። ሰው ሲጠጣው ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ስለ ሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ብዙ የጠጣ ሰው ያስመልሰዋል፥ ያስቀምጠዋል፥ ይሞታልም። ፅንስ ለማስወረድ ሲሉ እንዶድ ጠጥተው ሕይወታቸውን ያጡ ሴቶች መኖራቸው በየሀገሩ የታወቀ ነው። እንግዲህ በአንዱ እፍኝ ውስጥ ሣሙናውም መርዙም አብረው ይገኛሉ፤ የሚለያቸው መጠኑና የሚገባበት ሥፍራ ነው።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው የአወቃቀጡ ነገር ነው። በደረቀው ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኑ በሁለት ወገን በስኳር ሰንሰለት ታስሮ ስለሚገኝ ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይል የለውም። ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲዘፈዘፍ ግን በዚያው ፍሬ ውስጥ የሚገኝ ኤንዛይም ይነቃና አንደኛውን ሰንሰለት ቆርጦ ይጥለዋል፤ ኃይሉ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ሳፖኒኑን በውኃ ፋንታ በአልኮል አፍልተው ለማውጣት የሞከሩ ቤተ ሙከራዎች ያገኙት ደካማውን ነበር፤ ምክንያቱም አልኮሉ ኤንዛይሙን ሥራ ያስፈታዋል። በወንዝ ዳር የምታጥብ ሴት ስለ ኤንዛይም የምታውቀው አልነበራትም፤ ነገር ግን መውቀጥንና በውኃ መዘፍዘፍን ከእናቷ ተቀብላ ትክክለኛውን የኬሚስትሪ ሥርዓት በየሳምንቱ ትፈጽም ነበር።

የኮሶ ነገር ከዚህ ይለያል። ኮሶ በከፍተኛው ደጋ የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው፤ ወንዱና ሴቴው ለየብቻ ናቸው፥ ለመድኃኒት የሚፈለገውም ወደ ቀይ የሚያደላው የሴቴዋ አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጥና በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። መራራነቱ በአማርኛ ለመራራ ነገር ሁሉ መመሳሰያ እስኪሆን ድረስ የታወቀ ነው። በቋንቋው ውስጥ የሠራው ሥራ ግን ከዚህም ያልፋል፤ መድኃኒቱ ስሙን ለበሽታው ሰጥቷልና። መድኃኒት በሚያድነው በሽታ ስም ሊጠራ ሲችል፥ በዚህ ግን ትሉ ራሱ «ኮሶ» ተብሎ፥ ትል የታየበት ሰው «ኮሶ ታየኝ» ይላል። አንድ መድኃኒት ከሕዝብ ኑሮ ጋር ምን ያህል እንደ ተዋሐደ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ኮሶ የገበያ ዕቃም ነበር፤ ሆኖም ሻጩ የተከበረ አልነበረም። የዳግማዊ ቴዎድሮስ ጠላቶች ንጉሠ ነገሥቱን ለማዋረድ ሲሹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው እንደ ነበር በታሪካቸው ተጽፎ ይገኛል።

ከ1770 እስከ 1771 በጎንደርና በአካባቢው የቆየው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ኮሶን ከነሥዕሉ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረ ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም መድኃኒቱን ወደ ፓሪስ አደረሰው፤ ኩንት የተባለው የዕፀዋት ሊቅም በ1824 ለዛፉ በሐኪሙ ስም «ብራዬራ» የሚል መጠሪያ አወጣለት። ዛፉ ግን ቀደም ብሎ «ሐጌኒያ» ተብሎ ተሰይሞ ስለ ነበር የጸናው ይኸኛው ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ኮሶ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ገብቶ ይሸጥ ነበር። ይሁን እንጂ አውሮፓውያን ብዙ ጊዜ በመድኃኒቱ ያዝኑ ነበር፤ አበባው በመርከብና በመጋዘን ብዙ ወራት ከቆየ ኃይሉ ይቀንሳልና። እዚህ ትኩስ አበባ ጠጥቶ የዳነውና እዚያ ያረጀ አበባ ጠጥቶ ያልዳነው ሰው ስለ አንድ መድኃኒት ሁለት የማይገናኝ ምስክርነት ይሰጡ ነበር።

ኬሚስቶች ከኮሶ አበባ ኮሲንና ኮሶቶክሲን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ለይተው አወጡ። እነዚህ ፍሎሮግሉሲኖል ከሚባለው ወገን ሲሆኑ፥ አውሮፓውያን ራሳቸው ለሆድ ትል ሲጠቀሙበት ከኖሩት የፈርን ሥር ጋር ዝምድና አላቸው። የትሉን ጡንቻ ስለሚያሰንፉት ትሉ ከአንጀት ግድግዳ ላይ ይለቃል፤ የኮሶ የማስቀመጥ ጠባይ ደግሞ ጠርጎ ያወጣዋል። ራሱ ሳይወጣ የቀረ እንደ ሆነ ግን ትሉ እንደ ገና ይበቅላል። በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት የተለመደበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው፤ ሁለተኛው ምክንያት ጥሬ ሥጋ መብላቱ አለመቋረጡ ነው። ትሉን ወደ ሰው የሚያመጣው በከብት ሥጋ ውስጥ የተደበቀው እጩ ትል ነውና፥ ኮሶ የጠጣ ሰው በሳምንቱ ቁርጥ ቢበላ የዳነው ለሳምንት ያህል ነው።

የኮሶ ልኩ እፍኝ ነበር። ብሩስ ያየውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን የማን እፍኝ? የትኩስ አበባ ነው ወይስ የከረመ? ዛፉ የበቀለው የት ነው? የሚጠጣው ጎልማሳ ነው ወይስ ሕፃን? ለነዚህ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መልስ አልነበረም። በ1960ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ያገለገሉ የዓይን ሐኪሞች ኮሶ አብዝተው ከጠጡ በኋላ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎችን መርምረው ጽፈዋል፤ መርዙ የዓይንን ነርቭ ያደርቀዋል። ያ ሁሉ ሕዝብ በኮሶ ሲድን መኖሩ እውነት ነው፤ ጥቂቶች በኮሶ መታወራቸውም እውነት ነው። ባህላዊውን መድኃኒት ያለ ልክ የሚያመሰግኑም ያለ ልክ የሚንቁም ሰዎች ከሁለቱ እውነቶች አንዱን ብቻ ይዘው ይሟገታሉ።

አሁን ወደ ጀርመኑ ዱቄት እንለፍ። ባየር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ሊቃውንት በ1953 ኒክሎሳማይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር አገኙ። መጀመሪያ የተፈለገው ቀንድ አውጣን ለማጥፋት ነበር፤ በ1959ም ባይሉሳይድ በሚል ስም ለዚሁ ሥራ ገበያ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ያው ንጥረ ነገር የሰውን የሆድ ትል እንደሚገድል ታወቀና በ1962 ዮሜሳን በሚል ሌላ ስም የሰው መድኃኒት ሆነ። ዘዴው በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ ፍጡሩ ከምግቡ ኃይል የሚያገኝበትን የሴል ሥራ ያሰናክለዋል። ከሰው አንጀት ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ትሉ ይሞታል፥ ሰውየው ግን አይጎዳም። ልኩም የታወቀ ነው፤ ለአዋቂ ሰው 2 ግራም፥ ይኸውም አራት ፍሬ በአንድ ጊዜ አኝኮ መዋጥ ነው። ከእፍኝ ወደ ግራም መሻገር ማለት ይህ ነው። ኪኒን በተገኘበት ከተማ ሁሉ ኮሶ ስፍራውን እየለቀቀ ሄደ፤ በዚህም የሚያዝን ሰው ካለ ኮሶ ጠጥቶ የማያውቅ ሳይሆን አይቀርም።

በእንዶድ በኩል ግን ግጥሚያው እንዲህ በቀላሉ አላለቀም። ይህንንም ለመረዳት ስለ ቢልሃርዝያ ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1851 ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በካይሮ የዚህን በሽታ ትል አገኘ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ በጃፓንና በግብፅ የተደረጉ ምርመራዎች የትሉ እጭ በቀንድ አውጣ ውስጥ ሳያድግ ወደ ሰው ሊሻገር እንደማይችል አረጋገጡ። ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ወደ ወንዝ የገባው የትል ዕንቁላል ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣውን ፈልጎ ይገባበታል፤ እዚያ ተራብቶ ይወጣና በውኃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ውኃ የምትቀዳ ልጅ፥ ከብት የሚያጠጣ እረኛ፥ ልብስ የሚያጥብ ሰው ሁሉ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን ሰንሰለት መበጠስ ማለት ስለ ሆነ ባይሉሳይድ የተፈለገው ለዚህ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካን አገር ተምረው የተመለሱ የጥገኛ ተሐዋስያን ሊቅ ነበሩ። በ1964 በአድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲመረምሩ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ይታዩ ነበር፥ በሌላው የወንዙ ክፍል ግን በሕይወት ነበሩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ለምነው በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በተጠራቀሙበት ዕቃ ውስጥ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት አስጨመሩ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። በዚያ ወንዝ ለብዙ ዘመን የታጠበው ሰው ሁሉ ይህን ሊያይ ይችል ነበር፤ አንዳንዱም አይቶት ይሆናል፤ ነገር ግን ቀንድ አውጣውና የልጆቹ የሆድ ሕመም የሚገናኙ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው እዚያ እስኪቆም ድረስ የሞተ ቀንድ አውጣ የሞተ ቀንድ አውጣ ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመለካት ሥራ ተጀመረ። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ጥቂት አሥር ሚሊግራም የሚሆን የእንዶድ ዱቄት ቢጨመር ቀንድ አውጣዎቹን በ24 ሰዓት ውስጥ እንደሚገድላቸው ታወቀ። ቀንድ አውጣን የሚገድለው ሳፖኒንም በውጭ አገር ቤተ ሙከራ ተለይቶ ለአክሊሉ ክብር «ለማቶክሲን» ተባለ። የእርሻ ሊቁ ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከልዩ ልዩ አውራጃ የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው አወዳደሩ፤ ከመካከላቸው «ዓይነት 44» የተባለው በኃይሉና በምርቱ ተመረጠ። ይህ ዝርያ በኋላ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች፥ ከነዚህም አንዷ ወደ ሆነችው ወደ ዚምባብዌ ተወስዶ ተሞክሯል። ዝርያ መምረጥ ያስፈለገው በኮሶ ላይ ከታየው ጥያቄ የተነሣ ነው፤ ከየአጥሩ የተለቀመ ፍሬ ኃይሉ አንድ ዓይነት ካልሆነ ልክ ሊወጣለት አይችልም።

ትልቁ ፈተና የተደረገው በዚያው በአድዋ ነው። ከ1969 እስከ 1974 በአካባቢው የተለቀመ እንዶድ እየተወቀጠ በጅረቶቹ ውስጥ በየጊዜው ተጨመረ። በሥራው መጀመሪያ ከተመረመረው ሕዝብ 63 በመቶ የሚሆነው ቢልሃርዝያ ነበረበት፤ በአምስቱ ዓመት መጨረሻ ቁጥሩ ወደ 34 በመቶ ወረደ። ይህ ቁጥር ብቻውን ቢነበብ መጠነኛ ውጤት ይመስላል። ነገር ግን ቀድሞ በገላው ውስጥ የገባ ትል ለብዙ ዓመት ሊኖር ስለሚችል፥ የትልልቆቹ ሰዎች ቁጥር የሚናገረው ስላለፈው ዘመን ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት ወንዙ ምን ያህል እንደ ጸዳ የሚመሰክሩት ትናንሾቹ ሕፃናት ናቸው፤ በነርሱም ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ለሒሳብ አስተማሪ በመቶኛ ማስላትን፥ ለሳይንስ አስተማሪም የትኛውን ቁጥር ከየትኛው ጋር ማነጻጸር እንደሚገባ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ያገር ውስጥ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

እዚህ ላይ ለእንዶድ ብቻ ማዳላት ተገቢ አይሆንም። እንዶድ ዓሦችንም ይገድላል፤ የቀንድ አውጣ ዕንቁላልን ግን አያጠፋም፥ ስለዚህ በየጊዜው መደገም አለበት። በውኃ ውስጥ በጥቂት ቀን መፍረሱ ለወንዙ ጥቅም ሲሆን ለሥራው ድካም ይጨምራል። ባይሉሳይድም ዓሦችን የሚገድል ቢሆንም ዕንቁላሉንም ያጠፋል፤ ለአንድ ሊትር ውኃም አንድ ሚሊግራም ያህል ይበቃዋል። በመለኪያ ሚዛን ላይ ብቻ ቢቀመጡ የጀርመኑ ዱቄት ይበልጣል። ሚዛኑ የማያሳየው ግን ዱቄቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፥ እንዶዱ በአጥር ላይ የሚበቅል መሆኑን ነው። ቢልሃርዝያ የድኾች መንደር በሽታ እንደ መሆኑ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የውጭ ድርጅቶች እንዶድን ለመቀበል ያመነቱት ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ነው። የቀረበው ምክንያት ባለ ሥልጣን በሆነ ቤተ ሙከራ፥ በታወቀው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የመርዛማነት ምርመራ አልተደረገለትም የሚል ነበር። ጥያቄው በራሱ ትክክል ነው፤ ኮሶ ያሳወራቸው ሰዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ዳሩ ግን ያን ምርመራ ለማድረግ የሚፈቀድለት ቤተ ሙከራ በአፍሪካ አልነበረም፤ በሌላ አገር ለማስደረግም ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፤ ለአጥር ፍሬ ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያም አልተገኘም፥ ማንም ሰው ሊተክለው በሚችል ነገር ማን ይነግድበታል? ዶክተር አክሊሉ አፍሪካውያን የደረሱበትን ውጤት የውጭ ሰዎች ለማመን እንደሚቸገሩ በይፋ ይናገሩ ነበር። በመጨረሻ በካናዳ የምርምር ድርጅት ርዳታ ምርመራው ተደርጎ፥ እንዶድ ዓይንን ክፉኛ የሚቆጠቁጥ ቢሆንም በተመደበለት ልክ ለሚጠቀሙበት ሰዎች የሚያሰጋ አለመሆኑ ተመሰከረ። በ1989ም አክሊሉና ለገሰ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ።

ምስክር ወረቀቱ ሲመጣ ግን ዘመኑ ተለውጦ ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፕራዚኳንቴል የተባለ፥ ትሉን በሰው ገላ ውስጥ በአንድ ቀን የሚገድል ኪኒን ተገኘ። የኪኒኑ ዋጋ እየረከሰ ሲሄድ ቀንድ አውጣን በወንዝ ውስጥ የማሳደድ ሥራ በየአገሩ ተተወ። እንዶድ በባይሉሳይድ አልተሸነፈም ለማለት ይቻላል፤ ሁለቱም አብረው ከመንገድ ዳር ቀሩ።

በዚህ መካከል እንዶድ ባልታሰበ አገር ሥራ አገኘ። በ1988 ዜብራ ሙስል የሚባል ትንሽ ባለ ቅርፊት ፍጥረት በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ታየና በጥቂት ዓመት ውስጥ የፋብሪካና የመጠጥ ውኃ ቧንቧዎችን መድፈን ጀመረ። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶድ ይህን ፍጥረት እንደሚገድለው አረጋገጡ፤ ዩኒቨርሲቲውም በዚህ አጠቃቀም ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ይህ ነገር ብዙ ክርክር አስነሣ። አዲሱን አጠቃቀም በቤተ ሙከራ ያረጋገጡት እነርሱ ናቸው ያለ ነበር፤ ዘሩን የጠበቀው፥ ዝርያውን የመረጠው፥ ኃይሉንም ያወቀው የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው ያለም ነበር። ክርክሩ እንዶድን በዓለም የዕፀዋት ባለቤትነት ሙግት ውስጥ ዘወትር ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ አደረገው። ኢትዮጵያም በ1998 ዓ.ም. በራሷ አቆጣጠር፥ ይኸውም በ2006፥ በአዋጅ ቁጥር 482 የዕፀዋትና የእንስሳት ሀብቷንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ማንም ሳያስፈቅድ እንዳይወስደው ደነገገች። ዶክተር አክሊሉ ይህን አላዩም፤ በ1997 አርፈዋል።

ዛሬ በከተማም በገጠርም ልብስ የሚታጠበው በአብዛኛው በሣሙናና በዱቄት ሣሙና ነው፤ የኮሶ ዛፍም ለጣውላ እየተቆረጠ በብዙ ሥፍራ ተመናምኗል። የልክ ነገር ግን ወደ ትምህርት ቤት ገብቷል። በኢትዮጵያ ከ2015 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ለተማሪዎች የትል መድኃኒት ሲታደል አስተማሪዎች የሥራው ተካፋዮች ሆነዋል። የፕራዚኳንቴል ልክ በሰውነት ክብደት የሚወሰን ቢሆንም በየትምህርት ቤቱ ሚዛን ስለማይገኝ የተማሪው ቁመት ምልክት በተደረገበት ዘንግ ይለካል፤ ዘንጉ ላይ እንደሚደርስበት ሥፍራ 600 ሚሊግራም ከሆነው ኪኒን ከአንድ እስከ አምስት ፍሬ ይሰጠዋል፥ ቁመቱ ከ94 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ግን በዚህ ዘንግ አይታደልም። እፍኝ የነበረው ልክ ዘንግ ሆነ ማለት ነው፤ ዘንጉን የሚያቆመውም ብዙ ጊዜ አስተማሪው ነው።

ኪኒኑን የዋጠ ልጅ ከሰዓት በኋላ ከብቱን ይዞ ወደዚያው ወንዝ ይወርዳል። ፕራዚኳንቴል በልጁ ገላ ውስጥ ያለውን ትል እንጂ በውኃው ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ አይነካም፤ ስለዚህ እንደ ገና መያዙ፥ ዘንጉም በሚመጣው ዘመቻ እንደ ገና መቆሙ አይቀርም። ይህንንም በማየት የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ቀንድ አውጣን በወንዝና በኩሬ ስለ ማጥፋት የሚያስተምር የመስክ መመሪያ አሳተመ። መመሪያው የሚመክረው መድኃኒት ኒክሎሳማይድ ነው።